«ሠረቀ» እና «ሰረቀ»፦ በአማርኛ የሴራ ጨዋታ ስንነድፍ

በግዕዝ «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ስለ ፀሐይ የሚነገር ቃል ነው። «ሰረቀ» በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ያው የምናውቀው ሌብነት ነው። በአማርኛ ስንናገራቸው ልዩነት የላቸውም፤ ስንጽፋቸውም አብዛኞቻችን ኪቦርዱ ላይ ጣታችን ወደቀረበው እንሄዳለን። አንዲት ፊደል ስትቀየር የወጣችው ፀሐይ ተሰርቃ ታድራለች።

ይህን ልዩነት ሳስብ የሚታየኝ የሰዋስው ፈተና ሳይሆን የጨዋታ ሐሳብ ነው። ከዓለም ላይ ፊደል እየሰረቁ የሚደብቁ ሰዎች አሉ እንበል። ፀሐዩ ፀ የተሰረቀ ቀን «ፀሐይ» ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ «ጸሐይ» ብቻ ይቀራል። ሰማይ ላይ የምትቀረውም ለብ ያለች፣ ጥላ የማትጥል ቅጂ ናት። ሐመሩ ሐ ሲሰረቅ «ሕግ» ይላላል፤ ዳኛው ችሎት ላይ ተቀምጦ ምን ሊፈርድ እንደመጣ ይረሳል። ብዙኀኑ ኀ ሲሄድ «ኃይል» ይደክማል። የሴረኞቹ የመጨረሻ ዒላማ ዓይኑ ዐ ነው። እሱ ከሄደ «ዓለም» የለም፤ የሚቀረው «አለመ» ወደሚለው ቃል የተጠጋ «አለም» ነው። እውኑ ዓለም ሕልም ሆኖ ያርፈዋል።

ይህ ጽሑፍ ያንን ሐሳብ ወደ ጠረጴዛ ጨዋታ ስለመለወጥ ነው። አቋሜ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በአማርኛ ትልቅ የፋንታሲ ጨዋታ ለመንደፍ የውጭውን መተርጎም አይበቃም፤ ፊደላችን፣ ሰዓታችን፣ ዘመን አቆጣጠራችንና ቅኔያችን ራሳቸው የጨዋታ ሕግ መሆን ይችላሉ። ሁለተኛ፣ የሴራ ጨዋታ የሚነድፍ ሰው ኃላፊነት አለበት፤ ሴራው በማስረጃ የሚፈታ መሆን አለበት። የማይፈታ ሴራ ጨዋታ አይደለም፤ እሱን በየቀኑ በስልካችን በነጻ እናገኘዋለን።

ጨዋታው ምን ዓይነት ነው?

የሚና ጨዋታ ላልሞከራችሁ፦ አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል። አንዱ ተራኪ ነው፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። ተራኪው ያሉበትን ሁኔታ ይነግራቸዋል። አንዱ «ዘበኛውን አነጋግረዋለሁ»፣ ሌላው «እኔ በጓሮ እዞራለሁ» ይላል። ይሳካ አይሳካ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። ሳምንት ለሳምንት እየቀጠለ ወራት የሚፈጀው ረጅም ታሪክ ካምፔይን ይባላል።

«ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እያለ ያደገ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ልዩነቱ እዚህ አድማጩ ራሱ ታሪኩን ማጠፍ መቻሉ ነው። እንቆቅልሽንም አስቡት። መልሱ የጠፋበት ልጅ «ሀገር ስጠኝ» ይባላል፤ እሱም አንድ ሀገር ያህል ነገር በቃሉ ብቻ ያስረክባል። በምናብ ሀገር የሚሸነፍበትና የሚወረስበት ጨዋታ ከልጅነታችን ጀምሮ አለን።

የዘመናዊው የሚና ጨዋታ መነሻ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ በአሜሪካ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አወጡት። ወደ አውሮፓ የገባው በለንደን በኩል ነው። በ1975 እዚህ ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ጌምስ ወርክሾፕ አከፋፋዩ ሆነ፤ በ1978 ደግሞ ሐመርስሚዝ ውስጥ የመጀመሪያ ሱቁን ከፈተ። ይኸው ድርጅት በ1986 የራሱን የዋርሐመር የሚና ጨዋታ አሳተመ። ከዚያ ጋር ተያይዞ የወጣው «ዘ ኢነሚ ዊዝን» የተባለ ካምፔይን ደግሞ ነገሩ ሁሉ በግዛቱ ውስጥ የተሰገሰጉ ሴረኞችን ማግኘት ነው። ከእሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ1984፣ ለኮል ኦፍ ክቱሉ ጨዋታ «ማስክስ ኦፍ ናያርላቶቴፕ» ወጥቶ ነበር። ተጫዋቾቹ ዓለምን ሊያጠፋ የተነሳ ማኅበር እያሳደዱ ከኒው ዮርክ ወደ ለንደን፣ ከለንደን ወደ ካይሮ፣ ከዚያ ወደ ኬንያና ወደ ሻንግሃይ ይሄዳሉ። ካርታውን ካያችሁት ከካይሮ ወደ ኬንያ የሚወስደው መስመር እኛን ዘሎ ነው የሚያልፈው። ያንን ክፍተት ሌላ ሰው እስኪሞላልን መጠበቅ የለብንም።

እውነተኛው ሚስጥር ትንሽ ነው

ለንደን ላለ የአማርኛ ጨዋታ ነዳፊ መነሻ የሚሆን እውነተኛ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 13 ቀን 1868፣ መቅደላ ወደቀች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ሞቱ። የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ወታደሮቹ ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ አወጡበት። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ እዚያው ነበር፤ ለሙዚየሙ መጻሕፍትና ዕቃዎች ገዛ። ዛሬ ከመቅደላ የመጡት ወደ 350 የሚደርሱ የብራና መጻሕፍት ሴንት ፓንክራስ በሚገኘው የብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው።

ከዕቃዎቹ አንዷ ግን ሙዚየም አልገባችም። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ሲዘምቱ ይዘዋት ይሄዱ የነበረችውን፣ ክርስቶስን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የምታሳየውን «ኵርዓተ ርእሱ» የተባለች ሥዕል ሆልምስ ለራሱ አስቀረ። በ1870 የንግሥት ቪክቶሪያ የዊንድዘር ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ። በ1872 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ክብረ ነገሥቱና ሥዕሏ እንዲመለሱላቸው ደብዳቤ ጻፉ። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ። ስለ ሥዕሏ ግን ምንም ፍንጭ አልተገኘም ተባለ። ሥዕሏ የነበረችው በንግሥቲቱ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እጅ ነው። በ1905 ፎቶዋ በርሊንግተን መጋዚን ላይ ወጣ፤ በ1917፣ ሆልምስ ከሞተ በኋላ፣ በክሪስቲስ ሐራጅ ተሸጠች። ኋላም ወደ ፖርቱጋል ተሻገረች።

ይህን ታሪክ እንደ ነዳፊ እዩት። ንጉሠ ነገሥት ሲጠይቅና ንግሥት ስታስፈልግ የተደበቀ ነገር ነው፤ የደበቀው ግን ዓለም አቀፍ ድርጅት አልነበረም። አንድ ሰው ዝም አለ፣ በቃ። ከዚያ በላይ ደግሞ ሚስጥሩ ወረቀት ትቷል፦ ደብዳቤ፣ የመጽሔት ፎቶ፣ የሐራጅ መዝገብ። እውነተኛ ሚስጥር እንዲህ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ሰው ሰው ይሸታል፣ ዱካ አለው። ሁሉን የሚያውቅ፣ ሁሉን የሚያዝ፣ ዱካ የማይተው ማኅበር ያለው በሰነፍ ድርሰት ውስጥ ነው። ካምፔይናችሁ ዓለምን የሚያጠፋ ቢሆንም እንኳ መነሻው አንድ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ነገር ይሁን።

ከመሐላው ጀምሩ

ሴራን በደንብ የሚያስረዳ ጥንታዊ ጽሑፍ ከፈለጋችሁ ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ አለ። ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ይዞ የተመለሰው በ1773 ነው፤ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ከመቅደላ ከተወሰዱት መጻሕፍት መካከልም የሄኖክ ቅጂ ነበረበት። በምዕራፍ 6 ላይ 200 መላእክት በአርሞንኤም ተራራ ራስ ላይ ይወርዳሉ። አለቃቸው ኃጢአቱ በእኔ ላይ ብቻ እንዳይቀር ብሎ ይፈራል፤ ስለዚህ ሁሉም ይማማላሉ። ከዚያ ለሰው ልጅ ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ጌጥንና ኩልን ያስተምራሉ። በምዕራፍ 69 ላይ ደግሞ አንዱ በቀለምና በወረቀት መጻፍን አስተማረ ይላል። እኛ ኮድ ስንጽፍ የምንውል ሰዎች ቆም ብለን ልናነበው የሚገባ ዝርዝር ነው።

መጽሐፉ ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ መጽሐፍ ነውና ስሞቹን አንስቶ የጭራቅ ዝርዝር ማድረግ አይገባም ባይ ነኝ። አስፈላጊም አይደለም። ለነዳፊ የሚጠቅመው አወቃቀሩ ነው፤ ሦስት ነገር አለው። መጀመሪያ ፍርሃት አለ፤ አለቃው ራሱ ይፈራል። ቀጥሎ መሐላ አለ፤ መሐላው የሚያስፈልገው ስለማይተማመኑ ነው። በመጨረሻ ስጦታ አለ፤ ሴረኞቹ ለሰው የሚጠቅም የሚመስል ነገር ይሰጣሉ። ማንም ሰው ክፉ ልሁን ብሎ ማኅበር አይገባም።

በፊደል ሌቦቹ ላይ እናውለው። ዘመኑ 1872 ነው፤ ቦታው ጭጋጋማ ለንደን፤ የንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ ገና መድረሱ ነው። በጨዋታው ዓለም ሰባት ሰዎች ተማምለዋል። እያንዳንዳቸው አንድ ተደጋጋሚ ፊደል ይሰርቃሉ። የሚሰጡት ስጦታ ቅለት ነው፦ «ፊደሉ በዛ፤ ልጆች ይቸገራሉ፤ እኛ እናቅልላችሁ»። ይህ ክርክር በእውኑ ዓለም በአደባባይ የተደረገ፣ የሚከበርም ክርክር ነው፤ ፊደል ይቀነስ ያሉ ምሁራን ሴረኞች አልነበሩም። ጨዋታው ውስጥ ክፋቱ ያለው በሐሳቡ ላይ አይደለም፤ በድብቅ፣ ማንንም ሳይጠይቁ መውሰዱ ላይ ነው። ይህን ልዩነት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ተከራክረው እንዲደርሱበት ተዉላቸው። ከሰባቱ አንዱ በቅን ልብ የገባ አስተማሪ ቢሆን፣ ተጫዋቾቹ ሲያገኙት ምን እንደሚያደርጉት ለሁለት ሰዓት ይጨቃጨቃሉ። የጨዋታው ምርጥ ምሽት እሱ ይሆናል።

ተጫዋቾቹስ? ጀግና አያስፈልግም። አንድ የቆሎ ተማሪ፣ አንዲት አስተርጓሚ፣ አንድ የመርከብ ከሰል ጫኝ፣ አንድ የሙዚየም ዕቃ ተሸካሚ ይበቃሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለሴረኞቹም ለተጫዋቾቹም እኩል ይሠራል።

ሦስት ፍንጭ፣ በሒሳብ

አሁን ወደ ዲቨሎፐሮች። የሴራ ካምፔይን ግራፍ ነው። መስቀለኛ ነጥቦቹ ቦታዎች፣ ሰዎችና ዕቃዎች ናቸው፤ መስመሮቹ ፍንጮች ናቸው። አዲስ ነዳፊ የሚሠራው ስህተት ግራፉን ቀጥ ያለ ሰንሰለት ማድረግ ነው፦ ደብዳቤው ወደ መጋዘኑ፣ መጋዘኑ ወደ መርከቡ፣ መርከቡ ወደ አለቃው። ተጫዋቾቹ አንዱን ካጡ ጨዋታው ይቆማል።

በቁጥር እንየው። ተጫዋቾች አንድን ፍንጭ የማግኘት ዕድላቸው ግማሽ ነው እንበል። ሦስት ደረጃ ባለው ሰንሰለት እያንዳንዱ ላይ አንድ ፍንጭ ብቻ ካለ፣ መጨረሻ የመድረስ ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ በግማሽ ሲባዛ 12.5 በመቶ ነው። በየደረጃው ሦስት የተለያዩ ፍንጮች ብታስቀምጡ ግን ሦስቱንም የማጣት ዕድላቸው 12.5 በመቶ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ደረጃውን የማለፍ ዕድላቸው 87.5 በመቶ ነው። ሦስቱን ደረጃዎች የማለፍ ዕድል ወደ 67 በመቶ ያድጋል። ጀስቲን አሌክሳንደር የተባለ የጨዋታ ነዳፊ በ2008 የጻፈው «የሦስት ፍንጭ ሕግ» የሚለው ይህንኑ ነው፦ ተጫዋቾቹ እንዲደርሱበት ለምትፈልጉት ለእያንዳንዱ መደምደሚያ ቢያንስ ሦስት ፍንጭ አስቀምጡ። ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አንድ ገመድ ሲበጠስ ሁሉ የሚወድቅበት ሥርዓት አይሠራም።

ፍንጮቹን በምን እንሥራቸው? እዚህ ላይ ነው አማርኛ የሚያበለጽገን። ሰምና ወርቅ ሁለት ፍቺ ያለው ፍንጭ ነው። የቅኔ ተማሪ የሆነው ገጸ ባሕርይ ሌሎቹ የማይሰሙትን ወርቅ እንዲሰማ ዳይስ ይጣልለት። አበገደ ሌላው ነው። ፊደልን በሀለሐመ ቅደም ተከተል ብቻ ለሚያውቅ ተጫዋች፣ በአበገደ ተራ የተደረደረ የመጽሐፍ መደርደሪያ የተዘበራረቀ ይመስለዋል፤ ሁለቱን ያጠና ግን አንድ መጽሐፍ ከቦታው እንደጎደለ ወዲያው ያያል። ሦስተኛው ሰዓት ነው። የተጠለፈው ደብዳቤ «ነገ 3 ሰዓት» ይላል። ለለንደኑ ፖሊስ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ለጻፈው ኢትዮጵያዊ ግን ፈረንጆቹ ጠዋት 9 የሚሉት ነው። ፖሊሱ ሲደርስ ዕቃው ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። አራተኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። ሣጥኑ ላይ «1860» ተጽፏል፤ አንድ ሰው መቅደላ ከመውደቋ ስምንት ዓመት በፊት የተሠራ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላዋ ያው ዓመት መሆኑን ታውቃለች። እነዚህ ሁሉ ለአማርኛ ተናጋሪ ፍትሐዊ ፍንጮች ናቸው፤ ያለ ማብራሪያ የሚገባው አለ፣ ላልገባው ደግሞ ጓደኛው ያስረዳዋል። ለንደን ተወልዶ አማርኛው የደከመ ልጅ ከእናቱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ፣ ዳይሱን እሱ ያውቃል፤ ሰዓቱን እሷ ታውቃለች።

የሴረኞቹን ግስጋሴ ለመቁጠር ብዙ ዘመናዊ ጨዋታዎች በክብ የሚሳል «ሰዓት» ይጠቀማሉ፤ ሴረኞቹ በተራመዱ ቁጥር አንድ ክፍል ይጠቆራል። የእኛን ባለ 12 ክፍል አድርጉት፤ 12 ሰዓት ሲሞላ ይጨልማል። ለማንም ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።

መሣሪያውን ስንሠራ

ይህን ጨዋታ በኮምፒውተር ወይም በስልክ ለመደገፍ ብትነሱ ሦስት ነገር ያጋጥማችኋል።

የመጀመሪያው ፍለጋ ነው። የተጫዋቾቹን ማስታወሻ የሚፈልግ አፕ ብትሠሩ፣ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈው «ጸሀይ» ብሎ ሲፈልግ እንዲያገኝ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን አንድ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ትክክልም ነው። ግን ዩኒኮድ ራሱ እነዚህን እንደ አንድ አይቆጥራቸውም። በሄክሳዴሲማል ሠ 1220 ላይ፣ ሰ ደግሞ 1230 ላይ ነው፤ በመካከላቸው ሙሉ 16 ቦታ አለ። አንድ የምታደርጓቸው እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ማመሳሰሉን የፍለጋ ማውጫው ላይ ብቻ አድርጉ፤ የተጻፈውን ዋና ጽሑፍ በጭራሽ አትንኩ። ዳታቤዝ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሠን ወደ ሰ የሚቀይር ኮድ ከጻፋችሁ፣ የጨዋታውን ቁልፍ ፍንጭ አጥፍታችኋል፤ ሳታውቁት ስምንተኛው ሴረኛ ሆናችኋል። ይህ ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የሰው ስም ለሚመዘግብ ለማንኛውም ሶፍትዌር ይሠራል።

ሁለተኛው ቁጥር ነው። የግዕዝ ቁጥር ያለበት ዳይስ ያምራል። ግን ፓይተንን «፩ ዲጂት ነው?» ብትሉት አዎ ይላችኋል፤ «እንግዲያው ወደ ኢንቲጀር ቀይረው» ስትሉት እምቢ ይላል። የግዕዝ ቁጥር እንደ ዐረብኛው በቦታ የሚቆጠር ስላልሆነ ነው፤ ዜሮም የለውም። ባለ 10 ገጽ ዳይስ ላይ ብዙ ጊዜ 0 የሚጻፍበት ገጽ በእኛ ፲ ይሆናል። ቀያሪውን ራሳችሁ ጻፉት፤ ሃያ መስመር አይሞላም።

ሦስተኛው ቅጽ ነው። የገጸ ባሕርይ መሙያ ቅጾች በአብዛኛው ፒዲኤፍ ናቸው፤ የመሙያ ሳጥኑ ፎንት ኢትዮጵክን ካልያዘ የሞላችሁት ስም ባዶ ካሬ ሆኖ ይወጣል። ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ፎንትን ፋይሉ ውስጥ አካቱ። በኦንላይን ለሚጫወቱ ደግሞ ፋውንድሪ የተባለው መድረክ ትርጉምን የሚቀበለው በተራ ጄሰን ፋይል ነው፤ አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው ሊጀምረው ይችላል።

ሕጉን ከዜሮ መጻፍም ግዴታ አይደለም። የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ መሠረታዊ ሕጎች ሰነድ፣ እትም 5.1፣ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ ወደ አማርኛ መተርጎም፣ መለወጥ፣ መሸጥም ትችላላችሁ። ሰው ሁሉ «በአማርኛ የለም» ሲል ፈቃዱ ከተከፈተ ዓመታት አልፈዋል።

የማይነኩ ነገሮች

ለንደንን መድረክ ያደረገ ካምፔይን ሲነደፍ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ሙዚየም ሰብሮ ታቦት ማውጣት ነው። እኔ አልስማማም። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉ፤ ለእይታ አይቀርቡም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም። በ1963 የወጣው የሙዚየሙ ሕግ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ዕቃ አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል። ክርክሩ ሕያው ነው፤ የሰው እምነትም አለበት። ታቦትን «ጥንካሬ ሲደመር ሁለት» የሚል ዕቃ ማድረግ የተሰረቀውን ዳግመኛ መስረቅ ነው። ከፈለጋችሁ ጨዋታው ውስጥ መገኘቱ ይሰማ እንጂ ማንም አይየው፤ ተራኪው እንኳ አይግለጸው። በ2002 አንድ ታቦት ከኤዲንብራ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል፤ የተገኘው በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። የተመለሰውም በሰይፍ አይደለም፤ ያገኘው ሰው ምን እንደሆነ አውቆ ትክክለኛውን ስላደረገ ነው። ለካምፔይን መጨረሻ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሁለተኛው ክልክል ሴረኞቹን አንድ ብሔር፣ አንድ ሃይማኖት፣ አንድ ሰፈር ማድረግ ነው። ምክንያቱ ጨዋነት ብቻ አይደለም። የአንድ ወገን ሰዎች ሁሉ ሴረኛ የሆኑበት ጨዋታ ምርመራ የለውም፤ ስም ሰምቶ መፍረድ ብቻ ነው ያለው። ሰባቱ መሐለኞች ከየትም ይምጡ፤ የሚያገናኛቸው መሐላው ይሁን።

ለምን ያስፈልገናል?

የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታችሁ የድምፅ መልእክት አዳምጡ። «ከጀርባ ያሉት»፣ «የማይነገራችሁ እውነት»፣ «ለሁሉም አድርሱ»። ሴራ በየቀኑ እንሰማለን፤ ማስረጃው ሲጠየቅ ማስረጃ አለመኖሩ ራሱ የሴራው ማረጋገጫ ነው ይባላል። ተቃራኒ ነገር ካቀረባችሁ እናንተም ከነሱ ናችሁ። እንዲህ ያለ ሴራ ሊፈታ አይችልም፤ ስለማይፈታም አያልቅም። በሀገራችንም በስደትም በዚህ ምክንያት ጎረቤት ጎረቤቱን ሲጠረጥር አይተናል።

በደንብ የተነደፈ የሴራ ካምፔይን የዚህ ተቃራኒ ልምምድ ነው። ተጫዋቾቹ ግምት ይይዛሉ፤ ፍንጭ ይፈልጋሉ፤ ግምታቸው ይወድቃል፤ ሌላ ይይዛሉ። ሦስት ፍንጭ አንድ ላይ ሲጠቁም ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ንጹሕ ሰው ከከሰሱ ዋጋ ይከፍላሉ። ተራኪው ደግሞ ከመጀመሪያው ምሽት በፊት መልሱን ወረቀት ላይ ጽፎ መቆለፍ አለበት፤ ተጫዋቾቹ ሲቃረቡ ሴራውን እያሰፋ መሸሽ የለበትም። በአሥራ አምስት ዓመቱ «ምን ብታይ ሐሳብህን ትቀይራለህ?» የሚል ጥያቄ ጠረጴዛ ላይ የለመደ ልጅ፣ በሃያ ዓመቱ የድምፅ መልእክት ሲደርሰው ያንኑ ይጠይቃል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ሙሉ ዓለም አትንደፉ። አንድ የተሰረቀ ፊደል፣ ሦስት ሰው፣ ሦስት ቦታ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ፍንጭ ጻፉ፤ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ከሌላችሁ ስልካችሁ ይጥልላችኋል። ሦስት ጓደኛ ጥሩና አንድ ቅዳሜ ማታ ሞክሩት። የጻፋችሁትን በክፍት ፈቃድ ልቀቁት፤ ሌላው ቀጣዩን ፊደል ይጨምርበት። ፋይሉን ስታስቀምጡ ደግሞ ስሙን በንጉሡ ሠ ይሁን በእሳቱ ሰ ልብ ብላችሁ ጻፉት።